«መሬት ሰበረ» ወይስ «ፈር ቀደደ»?

ጥያቄው፣ ትንሽ አሳጥሬው፣ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ወር የአዲስ ሕንፃ ግንባታ መጀመሩን በእንግሊዝኛ ዜና ስሠራ ‹ብሮክ ኒው ግራውንድ› ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ‹ኒው› የሚለውን በቀይ ሰርዞ መለሰልኝ። እዚያው ገጽ ላይ ‹ግራውንድብሬኪንግ ሴሬመኒ› ያልኩትንም ‹ጉራ አታብዛ› ብሎ አወጣው። ለእኔ ሁለቱም አንድ ነበሩ። ሌላም አለኝ፤ ‹ግራውንድብሬኪንግ› የተባለ ጥናት ወደ አማርኛ ስመልስ ባልደረባዬ ‹መሬት ሰባሪ ጥናት› በለው አለኝ። ያስኬዳል? አባባሉስ ከሥሩ የእርሻ ነው የግንባታ?»

ጋሼ ካልከኝ እኔም አንተ እያልኩ ልቀጥል። አለቃህ አንዱን አግኝቶ አንዱን ስቷል። «ኒው»ን መሰረዙ ልክ ነው። «ግራውንድብሬኪንግ ሴሬመኒ»ን በጉራ መክሰሱ ግን አባባሉን አለማወቅ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ያለው አካፋና አፈር ብቻ ነው።

«ብሬክ ግራውንድ» ያለ «ኒው» ሲመጣ ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ትርጉም ቁፋሮ መጀመር፣ ግንባታ መጀመር ነው። «ኒው» ሲገባበት ግን ከአፈሩ ይለያል፤ ከዚህ በፊት ማንም ያልሞከረውን ሞከረ፣ ያልተሄደበትን ሄደ ማለት ይሆናል። ስለዚህ አንተ የጻፍከውን የእንግሊዝኛ አንባቢ ሲያነበው መሥሪያ ቤቱ በሕንፃ አሠራር ታይቶ የማይታወቅ ጥበብ አመጣ ብሎ ይረዳል። ባለ አራት ፎቅ ቢሮ መሆኑን ሲያይ ምን እንደሚል አንተው ገምት። አንዳንዶች «ኒው» ፈንታ «ፍሬሽ» ይላሉ፤ ትርጉሙ ያው ነው።

ሁለቱን ለመለየት እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ዘዴ ቀጥሎ የሚመጣውን ትንሽ ቃል ማየት ነው። ግንባታ ከሆነ «ኦን» ወይም «ፎር» ይከተለዋል፤ «ብሮክ ግራውንድ ኦን» ብለህ የሆስፒታሉን፣ የመንገዱን፣ የድልድዩን ስም ትጠራለህ። ፈጠራ ከሆነ «ኢን» ይመጣል፤ «ብሮክ ኒው ግራውንድ ኢን» ብለህ የሙያውን ወይም የጥናቱን መስክ ትጠራለህ፤ በሕክምና፣ በቡና ምርምር፣ በማስተማር ዘዴ። «ኦን» ብለህ ሕንፃ፣ «ኢን» ብለህ መስክ። እንዳትሳሳት ደግሞ እኛ አገር በብዛት የማየው ስህተት «ኤ ኒው ግራውንድ» የሚለው ነው። «ግራውንድ» እዚህ ላይ የሚቆጠር ነገር አይደለም፤ እንደ «ውሃ»፣ እንደ «አፈር» ነው። አንድ መሬት፣ ሁለት መሬት እየተባለ አይሰበርም። ያቺን «ኤ» አውጣት።

ቅጽሉ ላይ ግን ወጥመድ አለ፣ አለቃህም የወደቀው እዚያ ነው። «ግራውንድብሬኪንግ» ብቻውን ሲታይ ሁለቱንም ፍቺ ይሸከማል፤ የሚለየው የሚቀጥለው ስም ነው። ጥናት፣ ሕግ፣ ቀዶ ሕክምና ከተከተለው ምሳሌያዊ ነው። «ሴሬመኒ» ከተከተለው ግን ቃል በቃል ነው፤ ባለሥልጣናት አካፋ ይዘው አፈር የሚገለብጡበት ሥነ ሥርዓት። ሥነ ሥርዓቱ ራሱ አዲስ ነገር አመጣ የሚል የለም።

የአካፋው ነገር ከተነሳ፣ በጣም የምወደው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1828፣ የአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ከዋሽንግተን ወጣ ብለው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ቁፋሮን ሊያስጀምሩ አካፋ አነሱ። ቢመቱት ሥር ነው። ደገሙት፣ አልሆነም። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ጣሉና በሸሚዝ ሆነው እንደ ቀን ሠራተኛ ቆፈሩ፤ ሕዝቡ በጭብጨባ አቀለጠው። እሳቸው ቃል በቃል መሬት ሰበሩ። በዚያችው ዕለት ባልቲሞር ከተማ አጠገብ ደግሞ ዘጠና ዓመት የሞላቸው ቻርልስ ካሮል፣ የነጻነት መግለጫውን ከፈረሙት በሕይወት የቀሩት የመጨረሻው ሰው፣ ለባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር መስመር የመጀመሪያውን ድንጋይ አስቀመጡ። ቦይ መቆፈር በዚያን ጊዜ የታወቀ ሥራ ነበር፤ ታላቁ የኢሪ ቦይ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1825፣ አልቋል። ባቡር ግን ለአገሩ እንግዳ ነበር። ባቡሩ ኩምበርላንድ የምትባለው ከተማ በ1842 ደረሰ፤ ቦዩ ስምንት ዓመት ዘግይቶ በ1850 ገባና ከዚያ አላለፈም። እንግዲህ በአንድ ቀን ሁለት ሥራ ተጀመረ፤ አዳምስ «ብሮክ ግራውንድ»፣ ባቡሩ «ብሮክ ኒው ግራውንድ»። አፈር የቆፈረ ሁሉ አዲስ ነገር አያመጣም፤ ልዩነቱን ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

እኛ ዘንድ ከአካፋው ይልቅ ድንጋዩ ነው የሚታወቀው። «የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ» እንላለን። ለእንግሊዝኛው «ግራውንድብሬኪንግ ሴሬመኒ» ተለምዶ ያለን አማርኛ ይኸው ነው፤ ሥርዓቱ ቢለያይም አገልግሎቱ አንድ ስለሆነ ችግር የለውም። በተገላቢጦሽ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ ግን ጠንቀቅ በል። «ብሮክ ግራውንድ» ያለ ዜና ቁፋሮው ተጀመረ ይላል። የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ከዚያ ቦታው ላይ ሣር ሲበቅል የኖረ ስንት አይተናል! ድንጋይ ብቻ ተቀምጦ ከሆነ ድንጋይ ተቀመጠ በል፤ እንግሊዝኛውም ለዚያ የራሱ አነጋገር አለው።

አሁን ወደ ሥሩ። እርሻ ነው ግንባታ? ላልከው፣ ከግንባታው እርሻው ይቀድማል። እንግሊዝኛ «ብሬክ» የሚለውን ግስ ያልታረሰ መሬትን ለመክፈት ሲጠቀምበት ብዙ ዘመኑ ነው። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በኤርምያስ ምዕራፍ 4 እና በሆሴዕ ምዕራፍ 10 ነቢያቱ ጦሙን ያደረውን መሬታችሁን «ብሬክ አፕ» አድርጉ ይላሉ። ልብ በል፣ እዚያም ምሳሌ ነው፤ መሬት የተባለው የሰው ልብ ነው። ግን ስለ ፈጠራ አይደለም፣ ስለ ንስሐ ነው። መሬቱም አዲስ አይደለም፤ ታርሶ የነበረ፣ ኋላ የተተወ ነው። ከዚያ ወዲያ አባባሉ ሌሎች እጆችም ገብቷል፤ ከተማ የከበበ ጦር ምሽግ መቆፈር ሲጀምር «ብሮክ ግራውንድ» ይባልለት ነበር፤ መርከበኞችም መልሕቁ ከባሕሩ ወለል ሲላቀቅ እንዲሁ ይላሉ። ስለ አዲስ ሐሳብ የሚነገረው ፍቺ የመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ቃል አጥቶ አያውቅም፤ ከተማ ተቀምጠን ረሳነው እንጂ። ያልታረሰ ወይም ከርሞ የደረቀ መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታረስ «ተገመሰ» ይባላል፤ የመጀመሪያው እርሻም «ገመሳ» ነው። ገመሰ ደግሞ ሌላው ፍቺው ለሁለት ከፈለ ነው፤ ዳቦ ገመሰ እንላለን፣ «ግማሽ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እንግሊዙ ዳቦውንም መሬቱንም «ብሬክ» ያደርጋል፣ እኛም ዳቦውንም መሬቱንም እንገምሳለን። ማንም ከማንም ሳይቀዳ ሁለት ገበሬ አንድ ነገር አይቶ አንድ ዓይነት ቃል መረጠ። የባልደረባህ «ሰበረ» እንግዲህ ለትክክለኛው ቃል ጎረቤት ነው፣ ቤቱን ግን ስቶታል።

ልጅ ሆኜ ሰቃ ጨቆርሳ በኩል አጎቴ ሲገምስ አይ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ቀዩን አፈር ለስለስ ካደረገው በኋላ በሬዎቹን ይጠምዳል። ወዲያው ግን አይነዳም። ከማሳው ማዶ አንዲት ዋንዛ ነበረች፤ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ፣ እርፉን ጨብጦ፣ አንዴ ይተነፍስና «በል!» ይላል። ማረሻው አፈሩን ይሰነጥቃል፣ ድግሩ ግራና ቀኝ ገፋ ያደርገዋል፤ የእኛ ማረሻ እንደ ፈረንጁ አፈሩን አይገለብጥም። ማዶ ሲደርስ ዞር ብሎ የሠራውን ያያል። ቀጥ ያለ ከሆነ ቀሪው ቀን ቀላል ነው፤ በሬዎቹም ያቺን መስመር ይዘው ይሄዳሉ፣ ሌላው ሁሉ ከእሷ ጎን ይተኛል። ከጠመመ ግን ማሳው ሁሉ ጠማማ ሆኖ ይውላል። ያቺ መስመር «ፈር» ናት። እሷን መጀመሪያ ያወጣት ሰው ፈር ቀደደ ይባላል።

«ፈር ቀዳጅ» የምንለው ቃል እንግዲህ ይኸው ነው። በየዜናው፣ በየመግቢያው ከመጥራታችን ብዛት በሬው ከውስጡ ጠፍቶብናል። ዘመዶቹን ግን ቁጠራቸው፤ ነገሩ ፈር ያዘ፣ ሥራውን ፈር አስያዘው፣ ፈሩን የሳተ ክርክር፣ ፈር የለቀቀ ቀልድ። ሁሉም ከማሳ የወጡ ናቸው። እኔ ራሴ ፈር ለቀቀ የሚለውን እናቴ ስትቆጣኝ እንጂ ስለ እርሻ ሲባል መጀመሪያ አልሰማሁትም።

«መሬት ሰባሪ ጥናት» ለሚለው የባልደረባህ ሐሳብ ፍርድ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልመንለት። ቃል በቃል የተተረጎመ ሁሉ አይጣልም። «ሰበር ዜና» ከእንግሊዝኛው በቀጥታ የተገለበጠ ነው፤ ዜና እንዴት ይሰበራል ያልን ሰዎች ነበርን፣ ዛሬ ያለ እሱ ቴሌቪዥን የለም። ክብረ ወሰን መስበርም እንዲሁ ገብቶ ተቀምጧል፤ ሯጮቻችን ደጋግመው ስለሰበሩት ለማንም አይከብድም። ታዲያ መሬት ሰባሪ ለምን አይገባም? ምክንያቴ ይህ ነው፦ ሰበር ዜና ሲመጣ ቦታው ባዶ ነበር፤ በአማርኛ ያንን በሁለት ቃል የሚል አልነበረም። መሬት ሰባሪ ሲመጣ ግን ወንበሩ ላይ ፈር ቀዳጅ ተቀምጧል። ደግሞ «መሬት ሰባሪ» ሲባል የሚታየኝ ዶዘር ነው። ምናልባት የመሬት መንቀጥቀጥ። አዲስ ሐሳብ ያመጣች ተመራማሪ በፍጹም አትታየኝም።

እኔም ከዚህ ወጥመድ አላመለጥኩም። ከብዙ ዓመት በፊት በትርጉም ሥራ ስጀምር የአንድ ድርጅት ሪፖርት ተሰጠኝ። ውስጡ «ግራውንድብሬኪንግ» የተባለ ጥናት ነበር። የዚያን ሰሞን ሦስት የምረቃና የመሠረት ድንጋይ ዜና ተርጉሜ ስለነበር እጄ በልምድ «የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠለት ጥናት» ብሎ ጻፈው። ታትሞ ወጣ። አንድ ሽማግሌ አንባቢ ደውለው «ልጄ፣ ጥናቱ ስንት ፎቅ ነው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ቃሉን ባየሁ ቁጥር ድምፃቸው ይመጣብኛል።

ከስህተቱ ግን አንድ ነገር ተማርኩ። እንግሊዝኛው በአንድ አባባል የሚሸከመውን አማርኛ ለሁለት ሙያ አከፋፍሎታል። ግንበኛው «መሠረት ጣለ» ይላል፣ ገበሬው «ፈር ቀደደ» ይላል። ሁለቱም ከሥራው ቦታ ወጥተው ምሳሌ ሆነዋል፤ ለአገሩ ትምህርት መሠረት ጣለ ስንል ድንጋይ የለም። ነገር ግን አይተካኩም። መሠረት የጣለ ከሥር ሆኖ የሚሸከም ነገር አኖረ ማለት ነው፣ ሌላው ከላዩ ይገነባል። ፈር የቀደደ ከፊት ሄዶ መስመር አሳየ ማለት ነው፣ ሌላው ይከተለዋል። ስለዚህ ስትተረጉም መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ፤ ይህ ሰው ያደረገው ነገር ላዩ ላይ ተሠራበት ወይስ ከኋላው ተሄደበት?

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ ተርጓሚዎች የሚስቱት እሱን ነው። እንግሊዝኛው «ብሬክ ኒው ግራውንድ» ሲል ተከታይ መኖሩን አይናገርም፤ መሬቱ ያልተነካ መሆኑን ብቻ ነው የሚለው። ማንም ያልሞከረውን ሞክሮ፣ ሳይከተሉት የቀረ ሰውም አዲስ መሬት ገምሷል። እሱን ፈር ቀዳጅ ካልከው ግን አማርኛው ይዋሻል፤ ፈር ቀዳጅ ያለ ተከታይ አይሆንም። ለእንዲህ ያለው «ያልተሞከረ ሞከረ»፣ «ያልተነካ ጉዳይ ነካ» ማለት ይሻላል። ተከታይ ያለውን ለብቻው ለመናገር እንግሊዝኛው «ፓዮኔር» አለው፤ እሱም ቢሆን ሥሩ ከቆፋሪ ነው፤ ከዋናው ጦር ቀድሞ በአካፋና በዶማ መንገድ የሚጠርግ እግረኛ ወታደር ነበር።

ከራሳችን ደጅ ሁለት ምሳሌ ልስጥህ፣ አንዱን ለዜናህ ትጠቀምበት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው፣ የቡናን ፍሬ እንጭጩን አጥቁሮ የሚያበላሸው በሽታ አገራችን ገባ። ከከተማችን ወጣ ብሎ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መፍትሔውን የፈለገው እዚሁ አገር ቡና ውስጥ ነው፤ ባለሙያዎች በሽታው ሌላውን ሲፈጅ ያልነካቸውን እናት ዛፎች እየለዩ፣ ዘራቸውን እየወሰዱ፣ እየፈተኑ ሄዱ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 ከዚያ የመጡ ናቸው፤ መነሻው ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974። ይህ «ኒው ግራውንድ» ነው፣ ከኋላው ሌሎች ዝርያዎች ስለተከተሉትም በአማርኛ ፈር ቀዳጅ ብትለው ማንም አይከራከርህም። እዚያው መልኮ ነገ አዲስ ላቦራቶሪ ቢጀመር ደግሞ «ብሮክ ግራውንድ» ብቻ ነው፣ ያለ «ኒው»። ቦታው አንድ፣ ቃሉ ሁለት።

ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ነው። በ1952 የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው በ1999 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የጤናው ተቋም ተማሪዎቹን ከክፍል አውጥቶ ኅብረተሰቡ መሐል ገብተው ችግሩን እያጠኑ እንዲማሩ በማድረግ ነው የሚታወቀው። በእንግሊዝኛ «ብሮክ ኒው ግራውንድ ኢን» ብለህ የሕክምና ትምህርት ብትል ልክ ነው። በአማርኛም ፈር ቀዳጅ። የሕንፃዎቹ ግንባታ ግን በየጊዜው «ብሮክ ግራውንድ» ነው።

ስለ አጠቃቀሙ መጠንም ልናገር፣ ጉራ የሚለው የአለቃህ ስጋት ከየት እንደመጣ ስለሚገባኝ። ምሳሌያዊው «ግራውንድብሬኪንግ» በእንግሊዝኛ ራሱ ከመጠን በላይ ተነግሮ ደክሟል። አዲስ የማተሚያ ማሽን መግዛት ግራውንድብሬኪንግ አይደለም። የሥራ ሰዓት መቀየርም አይደለም። እኛም ጋር «በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነ» የሚለው እንዲሁ ሆኗል፤ በየወሩ በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነ ዎርክሾፕ ይከፈታል። አዲስ የሆነውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ እሱን ተናገር፣ ቅጽሉን ተወው። መናገር ካልቻልክ ደግሞ ቅጽሉ አያድንህም። ሌሎቹን የእንግሊዝኛ የፈጠራ አባባሎችም ከመተርጎምህ በፊት መነሻቸውን ጠይቅ፤ «ፑሽ ዘ ኤንቨሎፕ» የሚለውን አንድ ሰው ፖስታ ገፋ ብሎ ሲተረጉመው አይቻለሁ፤ ኤንቨሎፕ የተባለው አውሮፕላን በደኅና ሊበርበት የሚችልበት የፍጥነትና የከፍታ ወሰን ነው።

ወደ ገጽህ ስንመለስ፤ ዜናው ላይ «ብሮክ ግራውንድ ኦን» ብለህ የሕንፃውን ስም አስከትል፣ «ኒው»ን ተው። «ግራውንድብሬኪንግ ሴሬመኒ»ን መልሰህ አስገባው፤ አለቃህ ከጠየቀህ ቃል በቃል መሆኑን ንገረው፣ የአዳምስን ኮት ጨምረህ ብትነግረው ደግሞ ይስቃል። በአማርኛው ቅጂ «የግንባታ ማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት» ይበቃል፣ ድንጋይ ከተቀመጠ «የመሠረት ድንጋይ»። ጥናቱን «ፈር ቀዳጅ ጥናት» በለው፣ ተከታይ ካገኘ። አጻጻፉን በተመለከተ፣ አሜሪካኖች ግራውንድና ብሬኪንግን አጣብቀው ይጽፉታል፣ እንግሊዞች ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ ጭረት ያገቡበታል፤ ሁለቱም ልክ ነው፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን ያዝ።